ተጠባባቂዋ ሳቢሃ

ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልጣላውም። ውሸት ቢሆንልኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነው።

ግን ሆኗል። ጅማ ውስጥ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ሰው በሚተራመስበት ሰዓት። ካቻምና ግንቦት ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

አስፈሪ ነገር የሚመጣው በሌሊት ብቻ የሚመስለው ሰው ይሄን ያንብብ።

ሬድዋን እባላለሁ። ስራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ሰርቨር ማለት፣ ለማያውቅ፣ የአንድን መስሪያ ቤት ስራ ሁሉ ተሸክሞ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚሰራ ኮምፒውተር ነው። እናንተ መስኮት ላይ ተሰልፋችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ከግድግዳው ጀርባ የሚሯሯጠው ሰው እኔ ነኝ። አንድ የቡና ነጋዴዎች ማህበር ውስጥ ለዓመታት ሰርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ ተመርቄ ግን አላውቅም።

ያኔ «ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች» የተባለ ስልጠና መጣ። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አርብ ፈተና። ያለፈ ሰርተፍኬት ያገኛል። የወደቀ ደግሞ፣ አለቃዬ እንዳለኝ፣ ሰርቨር ክፍሉን ከውጭ በመስታወት ያየዋል።

ስልጠናው የሚሰጠው በቾ ቦሬ፣ የተከራየ ቤት ውስጥ ነበር። ሰፊው ሳሎን ክፍላችን ሆነ። ትልቁ መስኮት ወደ ግቢው ያሳያል።

አሰልጣኛችን ጎሳዬ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ማሽን ሰጠን።

«አንዱ ዋናው ነው» አለን። «ሁለተኛው ተጠባባቂ። በየሦስት ሰዓቱ ዋናው የሚያውቀውን ሁሉ ለተጠባባቂው ኮፒ ታደርጉለታላችሁ። ዋናው ሲሞት ተጠባባቂው ይነሳል። ስሙን ይወስዳል። አድራሻውን ይወስዳል። ስራው ይቀጥላል።»

የአንዱን ተጠባባቂ ማሽን ጫፍ በጣቱ ነካ።

«ጎበዝ ከሆናችሁ፣ መቀየሩን ማንም ሰው አያውቅም።»

ከዚያ ለማሽኖቻችን ስም እንድናወጣ ነገረን። የምትወዱት ሰው ስም ይሁን፣ ያኔ ስትነኩት እጃችሁ ይጠነቀቃል አለን።

እኔ ሳቢሃ አልኩት።

ሳቢሃ ሚስቴ ናት። ሰርቦ ሄዳ ታስተምራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ጊንጆ ጉዱሩ ወዳለው ቤታችን ትመለሳለች። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነበር። ልጅ አልነበረንም። ያልሄድንበት ሐኪም፣ ያላደረግነው ዱዓ የለም። ሰው ሲጠይቀን «አላህ ባለው ጊዜ» እንላለን፣ ቤት ገብተን ዝም እንባባላለን።

ስሟን ስጠራ «ወዬ» ነው የምትለኝ። አንድ ቀን «ባልሽ ነኝ፣ አቤት በይኝ እንጂ» ብላት፣ «አቤት ለትልቅ ሰው ነው። ሜ መጀመሪያ እደግ» አለችኝ።

«ሜ» ኦሮምኛ ነው፤ «እስቲ» እንደማለት። ሳቢሃ ያለ ሜ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። ሜ ውሃ አቀብለኝ። ሜ ዝም በል። ሜ እየኝ።

በኛ ስራ ማሽን ሲጠፋ ሞተ እንላለን። ሲመለስ ተነሳ። የስልጠናው ዋና ልምምድም ይሄው ነበር... መግደልና ማስነሳት። ኬብሉን እነቅልና «ሳቢሃ ሞተች» እላለሁ። ተጠባባቂው ሲረከብ «ሳቢሃ ተነሳች» እላለሁ። ክፍሉ ይስቃል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ያለምወርቅ ብቻ አትስቅም። ከአጋሮ የመጣች፣ አንድ ባንክ ውስጥ የምትሰራ፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። የሷን ማሽኖች «ቁጥር አንድ» ነው ያለቻቸው።

«ሬድዋን...» አለችኝ ማክሰኞ ዕለት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «የሰው ስም ጠርተህ ሞተች አትበል።»

«ማሽን ነው እኮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ደስ አይልም።»

ሳቅኩባት። እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አላምንም ነበር።

ረቡዕ መጣ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮፒዬን አደረግኩ። የሚቀጥለው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልክ ስድስት ሊሆን ሲል ስልኬ ጠራ። ሳቢሃ ናት። ወደ በረንዳ ወጣሁ።

«ብቻህን ነህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ሜ ተቀመጥ።»

«የምቀመጥበት የለም። ምን ሆነሻል?»

«ሁለት መስመር ነው ሬድዋን...»

አልገባኝም።

«የእርግዝና መመርመሪያው... ሁለት መስመር አሳየ። በትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሁለት መስመር ነው።»

በረንዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ የማላፍርበት ለቅሶ ነው። እሷም ወዲያ ማዶ ታለቅሳለች። ለእናቷ እንኳን እንዳልነግር አስማለችኝ፤ አብረን በአካል እንነግራታለን አለች። ከኔና ከሷ በስተቀር ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ወደ ክፍል ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። የስድስት ሰዓቱንም የዘጠኝ ሰዓቱንም ኮፒ ረሳሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጎሳዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ግደለው» አለኝ።

የዋናውን ኬብል ነቀልኩ።

«ሳቢሃ ሞተች» አልኩ፣ እየሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

የዋናው መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ጥቂት ብልጭ ድርግም አለች... ተጠባባቂው ተነሳ። ስሟን ወሰደ።

ጎሳዬ ጎንበስ ብሎ አየው። «ጥሩ። ማንም አላወቀም። የመጨረሻው ኮፒ መቼ ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«የስድስት ሰዓቱስ? የዘጠኙስ?»

«ረሳሁት።»

«እንግዲህ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሆነው ነገር የለም» አለኝ። «ይቺ አታውቀውም። ዋናው እስከ ፈተናው ድረስ እንደወደቀ ይቆይ።»

ብዙም ሳይቆይ የማላውቀው ስልክ ደወለ። የወንድ ድምፅ ነው። ከጀርባው ዝናብና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ሄሎ... የሳቢሃ ባል ነህ?»

«ነኝ።»

«አብሽር፣ አትደንግጥ። ከሰርቦ የሚመጣው ሚኒባስ ተንሸራቶ ተገልብጧል፣ ድልድዩ ጋ። ሚስትህ...»

«ሚስቴ ምን?»

«ትንፋሽ አልነበራትም ወንድሜ። ሞታለች ብለን በሻርፗ ሸፍነናት ነበር። አሁን ተነሳች።»

«ምን አልከኝ?»

«ተነሳች። ወላሂ በራሷ ተነሳች። ጭረት እንኳን የላትም።»

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ዝናቡ አላባራም። ሚኒባሱ በጎኑ ተኝቷል። የተጎዱት ቀድመው ተወስደዋል፣ የቀሩት ሰዎች ከመንገዱ ዳር አንድ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል።

ሳቢሃ ከነሱ ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብቻዋን ናት። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የለም።

ሄጄ አቀፍኳት። ከዚያ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት...

ሁሉም ሰው በስብሷል። እኔም ከመኪና እስክወርድ በስብሻለሁ። የሳቢሃ ቀሚስ ደረቅ ነበር።

«ሳቢሃ» አልኳት።

«አቤት» አለች።

ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያ ሰዓት ማንስ ቢሆን የሚለውን ያውቃል?

ቤት ወሰድኳት። ሻይ አፈላሁላት። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ካላናገርኳት አትናገርም። ስጠይቃት ወዲያው ትመልሳለች፣ ምንም ሳታስብ። መልሷ ልክ ነው። ድምፁ የሷ ነው። በግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳን አለች።

ሜ የለም። አንድም ጊዜ ሜ አላለችም።

ጎረቤታችን ጠይባ አደጋውን ሰምታ መጣች፣ «አልሃምዱሊላህ፣ አላህ አተረፈሽ» እያለች ሳመቻት፣ ተጫውታ ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ «ምንም አልሆነችም እኮ፣ ያው ሳቢሃ ናት» አለችኝ። ማንም አላወቀም።

ብቻችንን ስንቀር አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጁስ?» አልኳት ቀስ ብዬ። «የሚያምሽ ነገር የለም?»

«የማን ልጅ?» አለች።

«ሳቢሃ... ስድስት ሰዓት ላይ ደወልሽልኝ እኮ።»

«አልደወልኩም።»

«ዛሬ ምን ምን ትዝ ይልሻል?»

«ጠዋት ሻይ ሸሚዝህ ላይ አፈሰስክ። ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ክፍል ገባሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር...» አይኗን ከግድግዳው ላይ አላነሳችም። «ከሦስት ሰዓት በኋላ የሆነው ነገር የለም።»

የጎሳዬ ቃል ነው። ቃል በቃል።

ሐሙስ ጠዋት በማለዳ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ መርምራ ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ነፍሰ ጡር አይደለችም።»

«ወርዶባት ይሆን? በአደጋው?»

«የወረደ ነገር የለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰባት ዓመት ስትጠብቁ... ሰው አንዳንዴ የተመኘውን የሰማ ይመስለዋል» አለችኝ።

አዘነችልኝ። የሷ ማዘን ይበልጥ ገደለኝ።

አንድ ቀን የቀረ ሰው ለፈተና አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከክሊኒክ ወደ ስልጠናው ሄድኩ። ሁለቱ ማሽኖቼ ፊት ተቀመጥኩ። አንዱ ይሰራል። ሌላው ጨለማ ሆኖ ተቀምጧል፤ ኬብሉ አጠገቡ ወድቋል።

ለረጅም ሰዓት አየሁት። ከዚያ ለያለምወርቅ ነገርኳት። ሁሉንም። ከመካከል አላቋረጠችኝም።

«ሰው ናት» አለችኝ በመጨረሻ። ከንፈሯ ደርቋል። «ማሽን አይደለችም ሬድዋን።»

«የትኛዋ?»

ዞር ብላ ጨለማውን ማሽን አየችው።

አርብ ፈተናው ነው። ከቤት ስወጣ ሳቢሃ በሩ ላይ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። እጇ አልቀዘቀዘም፣ እንደ ሰው እጅ ይሞቃል። «ይቅናህ» አለችኝ። ምን ያጠፋችው ነገር አለ?

ከሰዓት በኋላ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረስን። ጎሳዬ ፊት ለፊት ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መስኮቱ ላይ ዝናቡ መውረድ ጀምሯል።

«አሁን ዋናውን መልሱ» አለ። «ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ተጠባባቂውን ታጠፋላችሁ። ከዚያ ዋናውን ታስነሳላችሁ። ሁለቱ ባንድ ስም እኩል ከተነሱ... ይጋጫሉ። አንደኛው ሌላውን ይገድላል። የትኛው የትኛውን እንደሚገድል እናንተ አትመርጡም።»

ትዕዛዙን ጻፍኩ። ስክሪኑ ጠየቀኝ...

ሳቢሃ ትጥፋ? አዎ ወይስ አይደለም?

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

በኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አንዷ ድልድዩ ጋ ቀርታ ይሁን የት አላውቅም፣ ልጄን ይዛለች። ሌላዋ ቤቴ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፣ ጠዋት ኮሌታዬን ያስተካከለች። አዎ ብዬ ብጫን ማን ነው የሚጠፋው? እዚያው ቁጭ ብዬ «ያ አላህ» አልኩ።

አልቻልኩም።

አዎም አይደለምም ሳልል ጎንበስ አልኩና የዋናውን ኬብል መልሼ ሰካሁት።

መብራቱ በራ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር መጣ።

ሳቢሃ ተነስታለች።
ሳቢሃ ተነስታለች።

ያለምወርቅ አየችው። «ምን አደረግክ...» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ስልኬ ጠራ።

የሳቢሃ ቁጥር ነው። የሳቢሃ ፎቶ ነው። አነሳሁት።

«ሬድዋን...» ታለቅሳለች። «ሚኒባሱ ተገለበጠ። ድልድዩ ጋ ነኝ። ሰው የለም፣ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ሜ ቶሎ ና... ለልጁ ፈርቻለሁ።»

ቀና አልኩ። በመስኮቱ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሳቢሃ ቆማለች።

ጃንጥላ ይዛለች። ረስቼው ስለወጣሁ ልታደርስልኝ መጥታ ነው። በሌላው እጇ ስልኳን ይዛለች። ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ለማንም አልደወለችም።

«ሬድዋን ትሰማኛለህ?» ይላል ስልኩ።

ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ዝም ብላ ታየኛለች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የከንፈሯን ቃል አነበብኩት...

«ማናት?»

ፈተናውን ጥዬ ወጣሁ። አጠገቧ ስደርስ ጃንጥላውን ዘረጋችልኝ።

«ቤት ሂጂ» አልኳት። «ቤት ጠብቂኝ።»

«እሺ» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ተጠባባቂ ናትና ትጠብቃለች።

መኪና ተኮናትሬ ወደ ሰርቦ መንገድ በረርኩ። ድልድዩ ጋ ምንም አልነበረም። የተገለበጠው ሚኒባስ ከተነሳ ሁለት ቀኑ ነው። ሳሩ ብቻ ተደፍጥጧል።

እሷ ግን ነበረች። ያው ድንጋይ ላይ፣ በረቡዕ ቀሚሷ፣ ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

«ሳቢሃ...»

«ወዬ» አለች፣ ቀና ብላ።

መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«ቶሎ መጣህ» አለችኝ። «አሁን ነው እኮ የደወልኩልህ። ሜ አታልቅስ፣ ደህና ነኝ።»

ለሷ ገና ረቡዕ ነበር። አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ሹፌሩ በመስታወቱ ያየናል፣ እሷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ለልጁ ስም ትመርጣለች። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የተደሰትኩበትም የፈራሁበትም ጊዜ የለም። ደግሞ እንዲህ አሰብኩ... ቤት የነበረችው ጠፍታ ይሆናል። ዋናዋ ተመልሳለች፣ የተጠባባቂዋ ስራ አልቋል።

ቤት ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ቆማ ትጠብቀናለች።

ሁለቱ ተያዩ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር እላለሁ አሁን። የረጠበችው ወደኔ ዞረች።

«ሬድዋን... ማናት?»

ያው ቃል ነው፣ ያው ፊት ነው።

ደረቋ መልስ ሳትጠብቅ መኝታ ቤት ገብታ ፎጣ ይዛ መጣች። ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት። ወደ መኝታ ቤት ወስዳ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት። እጇን በረጠበችው ሆድ ላይ አሳረፈች፣ እስክትሞቅ ድረስ እንደምትጠብቅ ሰው።

«መቼ አወቅሽ?» አለቻት።

«ዛሬ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

«እኔ የለኝም» አለች ደረቋ። ወደኔ አየች። «ይሄን ነበር የምትጠይቀኝ።»

ያን ጊዜ እንደ ሰው አዘንኩላት። እውነቴን ነው።

ከዚያ አንዷ «ባጃጅ ጥራ፣ ክሊኒክ እንሂድ» አለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ ፎጣ እየፈለግኩ ነበር። የማንኛዋ ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩም። ድምፃቸው አንድ ነው።

ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ባጃጅ አስቁሜ ተመለስኩ። ሻይ እንኳን አይፈላም በዚያ ጊዜ ውስጥ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ሴት ናት ያለችው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ የቤት ቀሚሷን ለብሳለች። ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች። ወለሉ ላይ ሁለት ቀሚስ ወድቋል... የረጠበውና የደረቀው፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

የኋላ በር ክፍት ነው። ከሱ ወዲያ ጓሮው ነው፣ ቡናው ጥቅጥቅ ያለ። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል።

ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ... ከዚያ ዘጋሁት።

ምን ብላ እንደምትመልስልኝ ፈራሁ። ካቻምና ግንቦት ነው ይሄ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚስቴን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አንቺ እላታለሁ፣ ወይም አጠገቧ ሄጄ እነካታለሁ።

የባጃጁ ነጂ ብቻችንን ስንወጣ አየና «ሁለት ሴቶች ናቸው አላልከኝም?» አለ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩት።

ሐኪሟ ያችው ነበረች። ምርመራውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ትናንት የተሳሳትነው እኛ ነን» አለች፣ አፍራ። «እንኳን ደስ አላችሁ። ነፍሰ ጡር ነሽ።»

ሚስቴ ፈገግ አለች። እጄን ያዘች። እጇ ሞቃት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጎሳዬ ደወለ።

«ፈተና ጥለህ ትወጣለህ እንዴ?» አለኝ። «ለማንኛውም አልፈሃል።»

«እንዴት?»

«ሁለቱ ተጋጩ። አንደኛው ሌላውን አጠፋው። ግን ስራው ለአንድ አፍታ እንኳን አልተቋረጠም። የሚፈለገው እሱ ነው።»

«የትኛው ነው የቀረው? ዋናው ነው ተጠባባቂው?»

የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ።

«አይለይም» አለኝ። «የሁለቱም ስም ሳቢሃ ነው።»

ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለድን። ሩፈይዳ አልናት።

ሚስቴ ጥሩ እናት ናት። ከዚህ የተሻለ እናት አላየሁም። አንዳንዴ ሜ ስትል እሰማታለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ለራሴ እላለሁ... ሁለቱ ብቻቸውን በነበሩባት በዚያች ጊዜ ኮፒ የተደረገ እንደሆነስ? ቡና ለቀማ የሚመጡት ሴቶች ጓሮውን አይወዱትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ባልጠይቅ ይሻለኛል።

ሩፈይዳ ገና አልተናገረችም፣ ግን ቆማ ትሄዳለች። ዝናብ ሲዘንብ የኋላውን በር ካልከፈትንላት ታለቅሳለች። ስንከፍትላት የበሩ ደፍ ላይ ትቆምና ሁለት እጇን ወደ ቡናው ትዘረጋለች፣ ልጅ እቀፉኝ ሲል እንደሚያደርገው። ትስቃለች።

ዛሬም ከሰዓት በኋላ እንደዚያው አደረገች። እናቷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሁለታችንም አየናት። ከሁለታችን የተነሳ የለም።

ልጅቷ እጆቿን ዘረጋች... ቀሚሷ በብብቷ ስር ተጨማደደ፣ በሁለቱም በኩል፣ በጣት ቅርጽ። ከጣቶቹ ቅርጽ ውሃ በጨርቁ ላይ ወረደ።

ከዚያ ተረከዞቿ፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ከደፉ ላይ ተነሱ።